የቱን ዘር እናስቀምጥ? የቱን እንግዛ?

ጤፉ ተወቅቶ፣ በቆሎው ተፈልፍሎ ጎተራ ሲገባ በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል። «ለከርሞ የሚሆነንን ዘር ከዚሁ እናስቀምጥ? ወይስ ገንዘብ አውጥተን እንግዛ?» የሚል ነው። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ፣ በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬና በወምበርማ ያላችሁ ገበሬዎች ይህን ጥያቄ ታውቁታላችሁ። መልሱ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ «አባቶቻችን ከጎተራቸው ዘርተው ኖረዋል፤ እኛን ምን አገኘን?» ይላል። ሌላው «የምርጥ ዘሩን በቆሎ ልጅ ብዘራው አከሰረኝ» ይላል።

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ልዩነቱ ያለው በተክሉ ላይ ነው። ጤፍና በቆሎ በአንድ መንገድ አይራቡም። ኑግም እንደ ስንዴ አይደለም። ተክል እንዴት እንደሚራባ ያወቀ ገበሬ፣ የቱን ዘር ማስቀመጥ እንደሚያዋጣው፣ የቱን መግዛት እንዳለበት ራሱ ይፈርዳል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ዘር እናንብብ።

ዘር ስንቅ የያዘ ሕፃን ነው

አንድ የባቄላ ፍሬ ውሰዱ። ማታ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። ጠዋት ቆዳውን ላጡት። ፍሬው ሁለት ክክ ይሆናል። ቀስ ብላችሁ ክፈቱት። በዳር በኩል አንዲት ትንሽ ነገር ተጣብቃ ታያላችሁ። አንዱ ጫፏ ሥር ይሆናል። ሌላው ጫፏ ግንድና ቅጠል ይሆናል። ያች ትንሽ ነገር ተክሉ ራሱ ናት። ገና ከእንቅልፉ ያልተነሣ ሕፃን በሏት።

ሁለቱ ክኮች ደግሞ የሕፃኑ ስንቅ ናቸው። ሥር ሰድዶ አፈር እስኪይዝ፣ ቅጠል አውጥቶ ፀሐይ እስኪያገኝ ድረስ የሚበላው ከዚያ ነው። እኛ ሽሮ አድርገን የምንበላውም ያንኑ ስንቅ ነው። ጤፍም ቢሆን እንደዚሁ ነው። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ተሰብስቦ ግማሽ ግራም አይሞላም። ይሁን እንጂ በእያንዳንዷ ፍሬ ውስጥ ሕፃኑም ስንቁም አለ።

የተጨማደደና የቀጨጨ ፍሬ ለዘር የማይሆነው ስንቁ ስላነሰ ነው። ቢበቅልም ደካማ ሆኖ ይበቅላል። ነቀዙ ሕፃኑን ራሱን በልቶት ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይበቅልም።

ዘር ለመብቀል ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ውኃ፣ አየርና ሙቀት። አንዱ ከጎደለ አይሆንም። ውኃ በሚተኛበት መሬት ላይ የተዘራ በቆሎ የሚበሰብሰው አየር አጥቶ ነው። በጎተራ ያለ ዘር ሳይበቅል የሚከርመው ደረቅ ስለሆነ ነው። እርጥበት ካገኘው ግን ይሻግታል፤ ሕፃኑም ይሞታል። እንግዲህ ዘር በደንብ መድረቅ አለበት። አንዳንድ እናቶች የዘር በቆሎ ከምድጃ በላይ የሚሰቅሉት አለምክንያት አይደለም። ጭሱና ሙቀቱ ያደርቀዋል፤ ነቀዝም ይሸሸዋል።

የበቆሎ እናት ትታያለች፣ አባቱ አይታይም

ከብት ወንድና ሴት እንዳለው ተክልም ወንዴና ሴቴ አለው። አበባ ለዓይን ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የተክል መራቢያ ነው። ከወንዴው ክፍል የሚወጣው ደቃቅ ዱቄት ጽጌ ብናኝ ይባላል። ብናኙ በሴቴው ክፍል ላይ ሲያርፍ ዘር ይቋጠራል። ካላረፈ ዘር የለም።

ይህን በበቆሎ ላይ በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። በክረምቱ ከበቆሎው አናት ላይ የሚወጣው የተበተነ አበባ ወንዴው ነው። ነካ ስታደርጉት ዱቄት ይበናል። ከእሸቱ ጫፍ የሚወጣው ጺም ደግሞ የሴቴው ነው። እያንዳንዷ የጺም ክር ከቆረቆንዳው ላይ ከአንዲት ፍሬ ቦታ ጋር የተያያዘች ናት። ክሯ ብናኝ ከያዘች አንድ ፍሬ ይቋጠራል። ሳትይዝ ከደረቀች ቦታው ባዶ ይቀራል። ጥርሱ እንደወላለቀ አፍ ክፍት ክፍት ያለ እሸት አይታችሁ የለ? አብዛኛውን ጊዜ ጺሙ በሚወጣበት ሰሞን ዝናብ አጥሮ ክሮቹ ብናኝ ሳይዙ የቀሩበት ነው።

የበቆሎን ብናኝ የሚያመላልሰው ነፋስ ነው። ነፋስ ደግሞ ድንበር አያውቅም። እናንተ ነጭ በቆሎ ዘርታችሁ ጎረቤታችሁ ቢጫ ቢዘራ፣ በነጩ እሸት ላይ ቢጫ ፍሬ ጣል ጣል ብሎ ታያላችሁ። ያ ፍሬ ምስክር ነው። እናቱ የእናንተ ማሳ ናት፤ አባቱ ግን ከጎረቤት መጥቷል።

ድቅል በቆሎ እንደ በቅሎ ነው

አሁን ወደ ምርጥ ዘር በቆሎ እንምጣ። በአካባቢያችን በሰፊው የተዘራው ቢኤች 660 የሚባለው በቆሎ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ሲሆን መነሻው የባኮ ምርምር ማዕከል ነው። ስሙም ያንን ያመለክታል፤ የባኮ ድቅል ማለት ነው። ድቅል ማለት ከተለያዩ ወላጆች ታስቦበት የተዳቀለ ነው።

የሚዳቀለውም እንዲህ ነው። ሁለት ዓይነት በቆሎ ጎን ለጎን በመስመር ይዘራል። እናት እንዲሆን ከተመረጠው መስመር ላይ፣ የአናቱ አበባ ገና ሳይበን ተነቅሎ ይጣላል። ስለዚህ እናቲቱ ብናኝ የምታገኘው ከተመረጠው አባት ብቻ ነው። ማሳው ከሌላ በቆሎ በመቶዎች ሜትር የሚርቅ መሆን አለበት። የድቅል ዘር ዋጋ የሚወደደው አንዱ በዚህ ሁሉ ሥራ ምክንያት ነው።

በቅሎን አስቡ። ከአህያና ከፈረስ ትወለዳለች። ብርቱ ናት፤ ጭነት ትችላለች፤ ዳገት አትፈራም። ነገር ግን በቅሎ በቅሎ አትወልድም። በቅሎ የፈለገ ሰው እንደገና አህያና ፈረስ ማገናኘት አለበት። የድቅል በቆሎም ነገር ወደዚያው ነው። በአንድ ነገር ብቻ ይለያል፤ እሱ መካን አይደለም። ፍሬው ቢዘራ ይበቅላል። ገበሬውን የሚያታልለውም ይኸው መብቀሉ ነው። የልጆቹ ጠባይ ይበታተናል። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ይሆናል። አንዱ ቀድሞ ያብባል፤ ሌላው ይዘገያል። ምርቱም ይቀንሳል። ብርታቱ ሙሉ የሚሆነው በመጀመሪያው ትውልድ ነው።

«ትልልቁን እሸት መርጬ ባስቀምጥስ?» ትሉ ይሆናል። አያድንም። እሸቱ ትልቅ የሆነው እናቲቱ ድቅል ስለሆነች ነው። ፍሬው ግን የሚቀጥለው ትውልድ ነው። ስለዚህ ድቅል በቆሎ የምትዘሩ ከሆነ ዘሩን በየዓመቱ ግዙ። ስትገዙም ማንበባችሁ ይጥቀማችሁ። ከረጢቱ ያልተፈታ መሆኑን እዩ። በላዩ የተጻፈውን የዘር ስምና የምርት ዘመን አንብቡ። ዘር ሳይሆን ተራ እህል በምርጥ ዘር ስም የሚሸጥ አታላይ የሚያሸንፈው የማያነብ ሰው ነው።

ድቅል ያልሆነ በቆሎ፣ ለምሳሌ የአገር በቆሎ፣ ከዓመት ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። ሲመረጥ ግን ከተከመረው ላይ አይሁን። በቁሙ ሳለ ማሳ ውስጥ ግቡ። ከዳር ሳይሆን ከመካከል ምረጡ፤ ከዳር ያለው የጎረቤት ብናኝ ያገኘዋል። ጤነኛና ጠንካራ አገዳ ያለውን ክር አስራችሁ ምልክት አድርጉ። ደግሞም ከጥቂት አገዳ ብቻ አትውሰዱ። ከብዙ አገዳ ውሰዱ። ዘመድ ከዘመድ እየተዳቀለ ከሄደ በቆሎ ይደክማል።

ጤፍ ዘሩን ይጠብቃል

ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና ዳጉሳ ሌላ ጠባይ አላቸው። ወንዴውና ሴቴው በአንዲት አበባ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። አበባዪቱ ባብዛኛው የራሷን ብናኝ ራሷ ትይዛለች። ስለዚህ ልጁ እናቱን ይመስላል። ነጭ ጤፍ ከቀይ ጤፍ ጎን ቢዘራም እንደ በቆሎ አይደባለቅም።

የጤፍ አበባ በጣም ትንሽ ናት። ለብዙ ጊዜ ተመራማሪዎች ሁለት ዓይነት ጤፍ ማዳቀል አቅቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ታረቀ በርሔ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የጤፍ አበባ ማለዳ ለጥቂት ጊዜ እንደምትከፈት ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ ጤፍ በሰው እጅ መዳቀል ጀመረ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ቁንጮ ጤፍ በዚህ መንገድ የተገኘ ነው። ወላጆቹ ማኛና ዱከም የሚባሉ ጤፎች ናቸው። በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ተዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬ ወጣ።

ታዲያ ቁንጮም ከተዳቀለ በቆሎውን የገጠመው ለምን አይገጥመውም? ምክንያቱ ይህ ነው። ተመራማሪዎቹ ካዳቀሉት በኋላ ብዙ ትውልድ እየዘሩና እየመረጡ ጠባዩ እስኪረጋ ቆይተዋል። የተረጋ ጤፍ ደግሞ ራሱን በራሱ ስለሚራባ እንደረጋ ይቆያል። ስለዚህ የጤፍና የስንዴ ዘር ከራሳችሁ ጎተራ ለተወሰኑ ዓመታት መዝራት ትችላላችሁ።

የጤፍ ጠላት ነፋስ ሳይሆን አውድማና ጆንያ ነው። ዘር የሚደባለቀው እዚያ ነው። ለዘር የሚሆነውን ጤፍ ከመውቃታችሁ በፊት አውድማውን ጥረጉ፤ ጆንያውን ገልብጣችሁ አራግፉ። በስንዴው መካከል እንክርዳድና ሲናር ካለ ሳይታጨድ ንቀሉት። አንድ እፍኝ እንክርዳድ ከዘር ጋር ከገባ የከርሞን አረም በገዛ እጃችሁ ዘራችሁ ማለት ነው።

ንብ ለኑግ ሚዜ ናት

ኑግ ከሁለቱም ይለያል። አንድ ኑግ የገዛ ራሱን ብናኝ አይቀበልም። ብናኝ ከሌላ ኑግ መምጣት አለበት። የሚያመጣውም ባብዛኛው ንብ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ማሳው ቢጫ ሲሆን ንቦቹ የሚሯሯጡት ለማር ነው፤ በእግረ መንገዳቸው ግን ኑጉን ያጋባሉ። ንብ የራቀው ኑግ ቢያብብም ፍሬው ፍሬ አይሆንም። ባቄላም ቢሆን ንብ ሲጎበኘው ምርቱ ይሻላል።

እንግዲህ ቀፎ ያለው ሰው ለራሱ ብቻ ማር አይቆርጥም፤ ለጎረቤቱም ኑግ ያፈራል። ስለዚህ አበባ ባለበት ማሳ ላይ ፀረ ተባይ መድኃኒት አትርጩ። የግድ ከሆነ ከባለሙያ ጋር ተመካከሩ፤ ባለ ቀፎ ጎረቤታችሁን ቀድማችሁ አስጠንቅቁ፤ ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ ማታ ይሁን። ንቡን የገደለ የራሱን ዘይት ይደፋል።

የቡሬን በርበሬ የምታመርቱም ይህን ልብ በሉ። በርበሬ ራሱን በራሱ መራባት ይችላል፤ ነገር ግን ንብ ስለሚጎበኘው ይደባለቃል። የሚያቃጥለውንና የማያቃጥለውን ጎን ለጎን ተክላችሁ ዘር ብትይዙ፣ በከርሞው የተደባለቀ ሊወጣባችሁ ይችላል። የዘር በርበሬ ለብቻው ራቅ ብሎ ይተከል።

ድንች ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። የምንተክለው ከአበባ የተገኘ ዘር ሳይሆን ዓይን ያለውን ድንች ራሱን ነው። ልጁ ቁርጥ እናቱን ነው። መልኳን እንደሚወርስ በሽታዋንም ይወርሳል። ከታመመ ማሳ የዘር ድንች አትውሰዱ።

ስንቅ የሌለው ዘር፤ ስፖር

አበባም ዘርም የሌላቸው ተክሎች አሉ። በወንዝ ዳርና በጥላ ሥር የሚበቅል፣ ቅጠሉ እንደ ላባ የተከፋፈለ ተክል አለ፤ ፈርን ይባላል። አበባ አውጥቶ አያውቅም። ቅጠሉን ገልብጡት። ከሥሩ ቡናማ ነጠብጣቦች ተደርድረው ታገኛላችሁ። ከዚያ የሚበነው እጅግ ደቃቅ ዱቄት ስፖር ይባላል። ፈርን የሚራባው በስፖር ነው። በርጥብ ድንጋይ ላይ ምንጣፍ መስሎ የሚበቅለው አረንጓዴም እንዲሁ ነው። እነዚህ ተክሎች ወንዴው ወደ ሴቴው ለመድረስ በውኃ ላይ መዋኘት ስላለበት ከርጥብ ቦታ አይርቁም።

ስፖርና ዘር ምን ይለያቸዋል? ዘር ሕፃንም ስንቅም አለው። ስፖር ስንቅ የለውም ቢባል ይቀላል፤ ለብቻው በዓይን አይታይም። ስንቅ ስለሌለው ብዙው ይሞታል። ስለዚህ እናቱ በሺህና በሚሊዮን ትበትነዋለች። ከዚያ ሁሉ ጥቂቱ ርጥብ ቦታ ካገኘ ይበቃታል።

በስፖር የሚራቡት ተክሎች ብቻ አይደሉም። እንጉዳይም በስፖር ይራባል። እንጉዳይ ግን ተክል አይደለም፤ ፈንገስ የሚባል ሌላ ወገን ነው። ከዚህ ወገን ሁለቱን በደንብ ታውቋቸዋላችሁ፤ ዋግና አረማሞ ናቸው። ስንዴ ውስጥ ስታልፉ ልብሳችሁን ቀይ ወይም ቢጫ የሚያደርገው ዱቄት የዋግ ስፖር ነው። ገብሱን ጥላሸት አድርጎ የሚያስቀረው ጥቁር ዱቄት የአረማሞ ስፖር ነው። ዋግ እግዜር ያመጣው ጉም ወይም የመብረቅ ፍም አይደለም። የሚራባ፣ የሚሰደድ ሕይወት ያለው ጠላት ነው።

ሁለቱ የሚመጡበት መንገድ ግን ይለያያል። አረማሞ ከዘር ጋር ይመጣል። አንዱ ዓይነት በውቂያ ጊዜ ከጤነኛው ፍሬ ቆዳ ላይ ይለጠፋል። ሌላው ዓይነት በአበባው በኩል ገብቶ በፍሬው ውስጥ ይደበቃል፤ ፍሬው ከውጭ ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ አረማሞ ከታየበት ማሳ ዘር አትያዙ። የጠቆረውን ራስ ዱቄቱ ሳይበን ነቅላችሁ በከረጢት አውጡና አቃጥሉት ወይም ቅበሩት። ዘሩን በመድኃኒት ማሸትም ይረዳል።

ዋግ ደግሞ በነፋስ ይመጣል። ከሩቅ አገር ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1998 በኡጋንዳ የታየ አደገኛ የግንድ ዋግ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኢትዮጵያ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በአገራችን ኩብሳ የሚባለውን ስንዴ ክፉኛ አጠቃ። ብዙ ገበሬ ከኩብሳ ወደ ዲገሉ ስንዴ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በባሌና በአርሲ ሌላ የግንድ ዋግ ዲገሉን አጠፋው። ዋግን ዘር በማጽዳት ብቻ አትከላከሉትም። የሚቋቋም ዓይነት ዝሩ። አካባቢው በሙሉ አንድ ዓይነት ብቻ አይዝራ። ቀዩን ወይም ቢጫውን ዱቄት ባያችሁ ቀን ለግብርና ሠራተኛው ንገሩ። ዋግ ቀጠሮ አይሰጥም።

አሮጌውን ዘር አትጣሉ

የኩብሳና የዲገሉ ነገር ሌላም ትምህርት ይሰጣል። የሚቋቋም አዲስ ዘር ከየት ይመጣል? ባብዛኛው ከአሮጌው ዘር ውስጥ ነው። አባቶቻችሁ እየመረጡ ያቆዩት ገብስና ስንዴ ተመራማሪ ሊፈጥረው የማይችል ጠባይ በውስጡ አለ። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የገብስን ማሳ ከቫይረስ በሽታ የጠበቀው ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ጠባይ ነው።

ይህን በማሰብ እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የዘር ማከማቻ ተቋቋመ። ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር ይገኛል። ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በማከማቻ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም መጠበቅ አለበት ብለው ሠሩ። በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። እናንተም አዲስ ዘር ስትቀበሉ የአያቶቻችሁን ዘር ጨርሳችሁ አታጥፉ። በጥቂት መሬት ላይም ቢሆን ዝሩት።

ቁጠሩ፤ ጻፉ

ያስቀመጣችሁት ዘር ሕይወት እንዳለው ሳታውቁ አትዝሩ። ከልዩ ልዩ የጆንያው ክፍል ዘግናችሁ 100 ፍሬ ቁጠሩ። በርጥብ ጨርቅ ላይ ደርድራችሁ ጠቅልሉት። ሙቀት ባለበት አስቀምጡት፤ እንዳይደርቅ ውኃ እያርከፈከፋችሁ 7 ቀን አቆዩት። ከዚያ የበቀለውን ቁጠሩ። ከ100 ፍሬ 85 ወይም ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ደኅና ነው። 50 ብቻ ከበቀለ ግማሹን ዘር ለአፈር ልትሰጡ ነው፤ ሌላ ዘር ፈልጉ።

ውጤቱንም ጻፉት። በቁራጭ ወረቀት ላይ የዘሩን ስም፣ የተወሰደበትን ማሳ፣ የታጨደበትን ወርና ዓመት፣ ከ100 ስንት እንደበቀለ ጻፉና ከጆንያው ጋር እሰሩት። ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህም ነው። አእምሮ ይረሳል፤ ወረቀት ግን አይረሳም።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንመልስ። ድቅል በቆሎ ከሆነ ግዙ። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና ዳጉሳ ከሆነ አጽድታችሁና መርጣችሁ አስቀምጡ፤ አረማሞ ካየ ማሳ ግን አይሁን። ኑግ ከሆነ ከብዙ ተክል ሰብስቡ፤ ንቡንም ጠብቁ።

ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ወረቀቱን አጥፋችሁ አታስቀምጡት። በዕድር፣ በደቦ ወይም በገበያ መንገድ ላይ ማንበብ ላልቻለ ጎረቤት አንብቡለት። የጎረቤታችሁ ብናኝ እናንተ ማሳ ይደርሳል፤ የእናንተም ዕውቀት እሱ ቤት ይድረስ።